ለደንበኞቻችን፦ የቤት ኮምፒውተርን ከቫይረስ ስለመጠበቅ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቫይረስ ተጠቅተው ለጥገና የሚመጡልን የቤት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አንቲቫይረስ የተጫነባቸው በመሆናቸው፣ ባለቤቶቻቸው «ታዲያ አንቲቫይረሱ ምን ሠራ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም በጽሑፍ ማድረስ ወደናል።

አንቲቫይረስ የሚያውቀውን ጎጂ ፕሮግራም ያግዳል፤ አጠራጣሪ ባሕርይ ያሳየውንም ብዙ ጊዜ ይይዛል። ተጠቃሚው ራሱ ፈቅዶ ያስገባውን ግን ለማቆም ይቸገራል። ለዚህ ዋናው ምሳሌ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የፈቃድ መቆለፊያው የተሰበረ ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረሱን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ይዞ ይመጣል፤ ተጠቃሚውም የታዘዘውን ይፈጽምና ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቀው «አዎ» የሚለውን ይጫናል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ ብሮውዘሩ ላይ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ሰብስቦ ወደ ውጭ ቢልክ የሚከለክለው አይኖርም። አንቲቫይረስ ከምንሸጣቸው ዕቃዎች አንዱ ቢሆንም፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር በርቶ ከቆየና ከታደሰ ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው ብለን እናምናለን። ሁለት አንቲቫይረስ ደርቦ መጫን ደግሞ ማሽኑን ከማንቀራፈፍና እርስ በርስ ከማጋጨት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ፍላሽ ሌላው መተላለፊያ ነው። ፍላሹን ስትከፍቱ የምታውቋቸው ፎልደሮች ጠፍተው በምትካቸው በጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ካያችሁ፣ አንዱንም አትክፈቱ። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተደብቀው ይገኛሉ፤ ሾርትከቱ ሲከፈት ግን ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባና ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ብዙ ሰው በድንጋጤ ፎርማት ያደርገዋል፤ ሊመለስ ይችል የነበረው ፎቶና ሰነድ የሚጠፋውም ያኔ ነው።

በኢሜይል የሚመጣ አባሪም ስሙ ሊያታልል ይችላል። ዊንዶውስ እንደተጫነ የፋይሎችን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን፣ የፋይሉን ዓይነት የሚያሳየውን ክፍል) ስለሚደብቅ፣ «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ» መስሎ የሚታየው ፋይል መጨረሻው «.ኢኤክስኢ» የሆነ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) የተሠራጨው ተራ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ነበር። በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ ቀላል ነው፤ ካስፈለገም በስልክ እንመራችኋለን።

አፕዴትን በተመለከተ፣ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን መጫን ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው «ዋናክራይ» የተባለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተጠቀመበትን የዊንዶውስ ክፍተት ማይክሮሶፍት የደፈነው በዚያው ዓመት በማርች ወር ነበር፤ በጊዜው የታደሱት ማሽኖች ከዚህ ጥቃት ተርፈዋል። ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ደንበኞቻችን መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ መሆኑን ልብ በሉልን፤ ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11ን የሚችል መሆኑን ለማየት ዝግጁ ነን።

ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከገባ በኋላ፣ መክፈቻው ከሌለ እኛም ሆንን ሌላ ጠጋኝ ልንረዳ የምንችልበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ አስፈላጊ ሰነዶቻችሁን በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቅዱ፤ ቅጂው እንዳለቀም ዲስኩን ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ኮምፒውተራችሁ ተጠቅቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በቅድሚያ ከኢንተርኔት አላቅቁት፣ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎቻችሁንም ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ሆናችሁ ቀይሩ። ከዚያም ምንም ሳታጠፉና ሳትጨምሩ እንዳለ አምጡልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍል