ካርዱ ሳይሞት ሞቷል አትበሉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከገዢዎች ጋር የምንለዋወጠውን የዋጋና የውል ፋይል ጂፒጂ በሚባል የፋይል መቆለፊያ ፕሮግራም ቆልፈን ነው የምንልከው፣ ቁልፉም ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ስማርት ካርድ (ቺፕ ያለው ካርድ) ላይ ነው። በቅርቡ አለቃችን የራሱ የቁጥር መምቻ ያለው የካርድ ሪደር ገዙ፣ ጥሩ ነገር ነው እኮ፣ ፒኑ እዛው ሪደሩ ላይ ስለሚመታ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳን አያገኘውም።

ታዲያ ሂሳብ ክፍል ያሉት ጋሼ ፒኑን ቢመቱ እምቢ አለ፣ ደገሙት እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ተቆለፈ። ሻጩ ጋ ስንደውል «ካርዱ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ተባልን። በጣም ነው ያናደደኝ ምክንያቱም ውሸት ነው! ኦፕንፒጂፒ ካርድ (እንደኛው የጂፒጂ ቁልፍ የሚይዝ ካርድ) ፒኑ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል እንጂ አይሞትም፣ አድሚን ፒን የሚባል ሌላ ቁጥር አለ በሱ ይከፈታል። አድሚን ፒኑም 3 ጊዜ ከተሳሳተ ነው ጉዱ፣ ያኔ ካርዱን ከነቁልፉ አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ነው፣ የቁልፉ ባክአፕ ከሌለ ደግሞ ለዛ ቁልፍ የተላከ ፋይል ሁሉ አይከፈትም። ለዚህ ነው ሁለተኛው እምቢ ሲል እጃችሁን አንሱ የምለው። ጂፒጂን የካርድ ስታተስ ጠይቁት፣ «ፒን ሪትራይ ካውንተር» ብሎ ሦስት ቁጥር ያሳያል፣ የመጀመሪያው ለተራው ፒን የመጨረሻው ለአድሚን የቀረው ሙከራ ነው፣ ማየቱ ሙከራ አይቀንስባችሁም።

የኛ ጣጣ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ፒኑን ያወጣነው በድሮው ሪደር ጊዜ በኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው፣ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል ቀላቅለን። አዲሱ ሪደር ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ጋሼ ፊደሎቹን እየዘለሉ ቁጥሩን ብቻ ይመቱ ነበር፣ ማንም አልነገራቸውም፣ ሪደሩም ምክንያቱን አይናገርም። ጂፒጂን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ኤስሲዲሞን የሚባል ፕሮግራም ሴቲንግ ፋይል ውስጥ «ዲሴብል ፒንፓድ» (disable-pinpad፣ የሪደሩን ቁጥር መምቻ አትጠቀም ማለት ነው) የሚል መስመር ጨምረን ኪቦርዱን መጠቀም ቻልን፣ ካዝና ውስጥ ባስቀመጥነው አድሚን ፒን ከፈትነው፣ አዲስ ፒን በቁጥር ብቻ አወጣን (ከ6 አሃዝ ማነስ የለበትም)፣ መስመሯን መልሰን አጠፋናት፣ ይኸው እየሠራ ነው። በኪቦርድ የምትመቱ ሰዎች ደግሞ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳይሆን እዩ፣ ፒኑ ውስጥ ፊደል ካለ ይበላሻል ስክሪኑ ላይ ግን ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ አይታወቃችሁም። ከፋብሪካ የሚመጣውን ፒን 123456 እና አድሚን ፒን 12345678 ደግሞ እባካችሁ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሻጮች፣ እቃውን ስትሸጡ ይቺን ብቻ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ግማሽ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱልን። ጋሼ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ የቢሮውን ፋይል ያጠፉ መስሏቸው ምሳ እንኳን አልበሉም።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ