«ማኅበራት ጥያቄ አላቀረቡም» ላላችሁት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በተመጣጣኝ ዋጋ ቤት ለሚገነቡ አልሚዎች መንግሥት ቅድሚያ ስለሚሰጥበት አሠራር ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤያለሁ። የአልሚዎቹን ሐሳብ በሰፊው ማስተናገዳችሁ አያስነቅፍም። ቅር ያሰኘችኝ በመጨረሻው አንቀጽ ጣል ያደረጋችኋት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በበኩላቸው ጥያቄ አላቀረቡም።»

አቅርበናል። በ2005 ዓ.ም. 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር ለሚከፈልበት የ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ፣ ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር ስቆጥብ ኖሬ፣ ዕጣው ሲያልፈኝ በማኅበር የተደራጀሁ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። የማኅበራችን ጸሐፊ እንደመሆኔ የቦታ ጥያቄ ማመልከቻውን ጽፌ፣ ማኅተም አሳርፌ፣ ለሚመለከተው ቢሮ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ ቁጥርና ቀን ያረፈበት ቅጂ ዛሬም አለኝ። ፋይሉ ጠፋ ተብሎ ሁለተኛ አስገባን፤ ኃላፊው ተቀይረዋልና እንደ አዲስ ጻፉ ተብለን ሦስተኛ። ምናልባት ዘጋቢያችሁ «አላቀረቡም» ያለው አራተኛውን ይሆናል።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያለ ጨረታ በምደባ ቦታ የሚሰጣቸውን ሲዘረዝር ልዩ አገራዊ ፋይዳ ያላቸውን ፕሮጀክቶች ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት የሚፈቅዳቸውን የራስ አገዝ የመኖሪያ ቤት ግንባታዎችም፣ ማለትም እንደ እኛ ያሉ ነዋሪዎች ለራሳቸው የሚሠሯቸውን ቤቶች፣ ጨምሯል። ዘገባችሁ የፊተኞቹን ጠቅሶ የኋለኞቹን ዘለለ። የአዋጁን በጆሮ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ የወጣልኝ ዕጣም ይኸው ብቻ ነው።

በዘገባችሁ ያሞገሳችሁት የ70/30 አሠራር መሬቱ ከከተማው ቀርቦለት አልሚው የሚገነባበትና ከተሠራው ቤት 70 በመቶውን ድርሻው የሚያደርግበት ነው። እኛ ማኅበርተኞች ደግሞ የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ አስቀድመን በዝግ ሒሳብ እንድናስገባ ተጠይቀናል። ቁጥሩስ እኩል ነው፤ ልዩነቱ ለእነሱ የሚገባ፣ ከእኛ የሚወጣ መሆኑ ላይ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ የሚገነባ ድርሻ ማግኘቱ ተገቢ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ያንን ድርሻ በፈለገው ዋጋ የሚሸጠው ከሆነ፣ «ተመጣጣኝ» የተባለው የትኛው ቤት እንደሆነ መጠየቅ የዘጋቢያችሁ ሥራ ነበር። የእኛ ቤት ገዢ አይፈለግለትም፤ የምንገባበት እኛው ነን።

የምጠይቀው «ጥያቄ አላቀረቡም» የሚለው «ጠይቀው መልስ አላገኙም» ተብሎ እንዲታረም ነው። ዘጋቢያችሁ ሦስቱን ቅጂዎች ማየት ከፈለገ ይዤ እመጣለሁ፤ ኮሪደር ላይ መጠበቁን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

የአንድ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ
ከአዲስ አበባ