የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሁሉ ድምፅ በማንሣት አያልቅም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ዘጠነኛ ክፍል በምትማረው የልጅ ልጄ ደብተር ላይ «ጥያቄ ሲሆን ድምፅ ይነሣል፣ መልስ ሲሆን ይወድቃል» የሚል ማስታወሻ አየሁ። «ይነሣል» ሲባል ቃናው ሽቅብ ይቀጥናል ማለት ነው እንጂ ይጮኻል ማለት አይደለም። ይህንኑ ሕግ እኔም ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን ስላስገለበጥሁ፣ ዛሬ ማረም የምፈልገው በመጀመሪያ የራሴን ስሕተት ነው።

ሕጉ የሚስማማው በአዎ ወይም በአይደለም ለሚመለሱ ጥያቄዎች ነው፤ ያውም ሁልጊዜ አይደለም። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ተብሎ የመኖሪያ ቦታ ሲጠየቅ ድምፁ በተለመደው አነጋገር «ሊቭ» ላይ ይወርዳል። ከ«ዌር» ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሽቅብ ከሄደ ግን «የት ነበር ያልኸኝ?» እንደ ማለት ይሆናል። «ሶሪ» የምትለው ቃልም ስትወርድ ይቅርታ መጠየቂያ ናት፣ ስትነሣ «ምን አልህ?» ማለት ናት።

ይህ ሁሉ ተራ ጌጥ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ የቋንቋ ሊቁ ጆን ጋምፐርዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር በአንድ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የሠራተኞች ምግብ ቤት ያጠናውን ጉዳይ ልብ ይበልልኝ። አዲስ የተቀጠሩ የሕንድና የፓኪስታን ሴቶች ምግብ ሲያድሉ፣ ተመጋቢዎቹም አለቆቻቸውም ፊት የሚነሡና የማይተባበሩ አድርገው ያዩአቸው ነበር። ሴቶቹ የሚናገሩት ጥቂት ቃል ነው፤ ሥጋ ለወሰደ ሰው መረቅ ይጨመርለት እንደ ሆነ ሲጠይቁ «ግሬቪ» ይላሉ። እንግሊዛዊት አስተናጋጅ ይህን የምትለው ድምፅዋን አንሥታ ነው፤ እነርሱ ግን በለመዱት አነጋገር ድምፃቸውን ጥለው ስለሚሉት፣ ሰሚው ግብዣውን «ይህ መረቅ ነው፤ ከፈለግህ ውሰድ» ብሎ ተረዳው። ሴቶቹም በበኩላቸው በዘራቸው የተጠሉ መስሏቸው ያዝኑ ነበር። የተቀዳው ድምፅ ተከፍቶ ልዩነቱን በገዛ ጆሯቸው እስኪሰሙ ድረስ፣ የአንዲት ቃል አጨራረስ ቅሬታውን እንደሚያባብስ ማንም ልብ አላለም። ዛሬ በለንደንና በዋሽንግተን ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች የሚሠሩ ልጆቻችንን ሳስብ ይህ ታሪክ ያሳስበኛል።

ለዚህ የሚሆን ጆሮ ግን አላጣንም። በአማርኛ «መጣ» ስንል ወሬ መንገራችን ወይም መጠየቃችን የሚለየው በድምፃችን ብቻ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ልጅም፣ ነገሩ የቃል እንጂ የዐረፍተ ነገር ባይሆንም፣ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እያለ የግዕዝን ንባብ በጆሮው ይለያል፤ መምህሩም ስሕተቱን የሚያርመው እያስነበበው ነው። እንግሊዝኛን ግን በጽሑፍ አስተምረን በምርጫ ጥያቄ እንፈትናለን።

ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችን የምለምነው ያንን የአንድ መስመር ሕግ እንዲሰርዙትና በምትኩ መምህሩ በስልኩ ከፍቶ የሚያሰማው የተቀዳ ንግግር እንዲያዘጋጁ ነው። ንግግሩም ከአንድ አገር ብቻ ባይሆን መልካም ነው፤ በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተሞች፣ እንዲሁም በብዙ አውስትራሊያውያን አንደበት፣ ጥያቄ ያልሆነ ዐረፍተ ነገርም ድምፁ ተነሥቶ ሊያልቅ ይችላልና። ተማሪው አንዱን ቃል፣ ለምሳሌ «ሶሪ»ን፣ ሁለት ጊዜ ሰምቶ የተናጋሪውን ሐሳብ መለየት ከቻለ፣ ያ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ