የበሬሳ ውሃ ንጽህና በዓይን አይለይም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። እኛ ጋ ስለ በሬሳ ወንዝ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ ውሃው ጠቁሯል አልጠቆረም ነው፣ ግን እኮ ውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ (መርዛማው ብረት) በዓይን አይታይም፣ ውሃው ጥርት እንዳለ ሊጎዳ ይችላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን ራሱ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፣ ይሄን ማን በዓይኑ ይለያል?

ስማርት ፖሊመር የሚሉት፣ ሙቀትን የመሰለ ነገር ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ፕላስቲክ መሰል ቁስ የሚያጓጓኝ ለዚህ ነው። ፒኒፓም የሚባል ጄል አለ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያብጣል፣ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ኩምትር ይላል። ክራውን ኢተር የሚባል እርሳስ የሚይዝ ሞለኪውል ከተገጠመለት እርሳሱን ሲይዝ እብጠቱ ስለሚቀየር መርዙ መኖሩን ያሳብቃል፣ በዛው ደግሞ ከውሃው ለቅሞ ያወጣዋል፣ ከዛ ሞቅ ሲያደርጉት እርሳሱን ይለቅና ጄሉ ድጋሚ ይሰራል። የሚይዘው በቅዝቃዜ መሆኑ መቼም ለኛ ከተማ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ብርድ እንደሆነ ሞልቶናል!

በርግጥ ከላብራቶሪ ወጥቶ ወንዝ ላይ መዋል ሌላ ጣጣ አለው፣ ጭቃው፣ ዋጋው፣ የተለቀቀው እርሳስስ የት ይደፋል? ቢሆንም ዩኒቨርሲቲያችን እዚሁ ነው፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከበሬሳ በጀሪካን ቀድተው ቢሞክሩትና ውጤቱን እናንተ ብታወጡልን ምን ይመስላችኋል?

ከደብረ ብርሃን፣ አንባቢያችሁ