አዘጋጅ ማለት አዳራሽ የሚያስፈቅድ ሰው ነውን?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እርስዎን የምጠራበት ቃልና ቴአትር የሚያዘጋጀውን ባለሙያ የምንጠራበት ቃል አንድ መሆኑ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። በእኛ በደሴ አንድ ወጣት አዳራሽ ካስፈቀደና ቲኬት ካሳተመ ስሙ በማስታወቂያው ላይ «አዘጋጅ» ተብሎ ሲወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ተውኔቱን መርምሮ፣ ተዋናዩን ከቃለ ተውኔቱ ጋር አዋድዶ፣ ብርሃኑንና አልባሳቱን ለአንድ ሐሳብ የሚያስገዛው ሰው ግን የሌላ ሙያ ባለቤት ነው፤ ይህም ሙያ እንደ ሸማኔ ሥራ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጠው የሚለምዱት ነው።

ይህን የምለው ራሴ ሳልማር ገብቼበት ስለነበር ነው። በአንድ የትምህርት ቤት ክበብ የመጀመሪያዬን ተውኔት ሳዘጋጅ፣ የእያንዳንዱን ተዋናይ እርምጃ ቤቴ ተቀምጬ በደብተር ነድፌ፣ የሚቆሙበትንም ቦታ በጠመኔ አስምሬ ጠበቅኋቸው። ልጆቹ ቦታቸውን እንጂ ነገራቸውን አላወቁትም፤ አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ «ከቤቴ ውጣልኝ!» ብሎ ሲቆጣ ዓይኑ መሬት መሬቱን ጠመኔውን ይፈልግ ነበር፤ ተመልካቹም በዚያ አሳዛኝ ትዕይንት ሳቀ። ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1898 በሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትር የቼኾቭን ተውኔት ሲያዘጋጅ እንቅስቃሴውንና ዝምታውን ሳይቀር አስቀድሞ በወረቀት አስፍሮ እንደነበር በኋላ ሳነብ ጥቂት ተጽናናሁ። እርሱ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ፣ ተዋናዩ የገጸ ባሕርዩን ፍላጎት በድርጊት እየፈለገ እንዲያገኘው ወደ ማድረግ ዞሯል፤ የእኛ ልጆች የአምስት ቀን ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ።

ለጀማሪ አዘጋጅ ከወሎ የቡና ሥርዓት የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም። አቦሉ ቀድሞ ለማን ይሰጣል? ስኒውን ለማቀበል የሚነሣው ማን ነው? የተቀያየሙ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ አንዱ ስኒውን ከሌላው እጅ ይቀበላል ወይስ ረከቦቱ ላይ እንዲቀመጥ ይጠብቃል? ይህን የወሰነ አዘጋጅ የትዕይንቱን እንቅስቃሴ ከግማሽ በላይ አበጅቶታል፤ ሰው በመድረክ ላይ ያለ ምክንያት አይነሣምና። ጠቡ በቶናው ላይ ቢፈነዳ፣ በረካውን ሳይጠጣ ነጠላውን አጣፍቶ የሚወጣው እንግዳ አንድም ቃል መናገር አያስፈልገውም። ችግሩ ቡና ጠጪዎች ክብ ሠርተው መቀመጣቸው፣ የአዳራሾቻችን ተመልካች ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው፤ ክቡን እንደ ግማሽ ጨረቃ ከፍቶ፣ ዋናውን ተናጋሪ በሰያፍ አስቀምጦ፣ ሆኖም የተከፈተ እንዳይመስል ማድረግ በንግግር የሚያስተምሩት ነገር አይደለም፤ በልምምድ ላይ አሥር ጊዜ አበላሽተው የሚደርሱበት ነው። (በነገራችን ላይ፣ የወሎን ሰው በመድረክ ባመጣን ቁጥር አነጋገሩን የሳቅ ማጣፈጫ ማድረጋችንም የአዘጋጁ ጆሮ አለመሠልጠኑን ያሳያል።)

ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ ለንደኑ ሮያል ኮርትና ወደ ፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤቶች ሄዶ ቴአትርን ያጠናው የሠሪዎቹን ሥራ ከቅርብ እየተመለከተ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴአትር ጥበባት ትምህርት እንዲጀመር ካደረጉት አንዱ እርሱ ነው። ይሁንና ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለዓመታት መማር የሚችለው ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ከአዲስ አበባ ቴአትር ይዘው ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የሚመጡ ቡድኖች መብራት ሲያስተካክሉና መድረኩን ሲለማመዱ ሁለት ሦስት ወጣቶች ቁጭ ብለው እንዲያዩ ይፍቀዱ። በከተማችን ያሉ ነባር አዘጋጆችም በእያንዳንዱ ሥራቸው አንድ ረዳት አዘጋጅ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው ምሽት ይያዙ። ረዳቱ ጽሑፉን ይዞ የተረሳ ቃል ያስታውሳል፤ እንቅስቃሴውን ይመዘግባል፤ ትላንት የተወሰነው ዛሬ ለምን እንደተቀየረም ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ወንበር የሚሰጥ ቡድን ከተገኘ፣ ጡረታ ብወጣም ደብተሬን ይዤ ከወጣቶቹ ጎን ለመቀመጥ ዝግጁ መሆኔን በዚሁ አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ መምህር
ደሴ፣ ወሎ