እግዚአብሔር አረብ አገርም አለ?

ቤሩት፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ አዲስ አበባ፣ ካራ ሰፈር

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ ክብር ምስጋና ይግባውና። በስልክ ስናወራ ወይ ማዳም ትጠራኛለች፣ ወይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ወይ ልጄ ሚጣ ስልኩን ትቀማሻለች። ዛሬ እሑድ ነው፣ ዕረፍቴ ነው። ወደ አገር የምትገባ ልጅ ስላገኘሁ በወረቀት ልጻፍልሽ አልኩ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደልም ሥራ ያግኝ። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፣ ለጎረቤት ልጅ እንዳትሰጪ።

ሚጣ ባለፈው የጠየቀችኝን ሰምተሻል። «እግዚአብሔር አረብ አገርም አለ?» አለችኝ። «አለ እንጂ!» ብዬ ቶሎ ወሬ ቀየርኩ። ሌሊቱን ግን ስገላበጥ አደርኩ።

ወቅቱ ጽጌ ነው። መቼም አንቺ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባውን ቀን ሳትጾሚ አታልፊም። የፈቃድ ጾም ነው ብልሽም አትሰሚኝ። ልጅ ሆኜ ለማኅሌተ ጽጌ ሌሊት ይዘሽኝ ስትሄጂ ነጠላሽ ውስጥ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። ከበሮው ሲመታ ብንን እላለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። የእመቤታችን ስደት ያኔ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። አሁን እዚህ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ እመቤታችንም ተሰዳለች» ይለኛል። እማዬ፣ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እሷ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብፅ የወረደችው ልጇን ታቅፋ ነው። እኔ ልጄን ላሳድግ ብዬ ልጄን ትቼ ነው የወጣሁት። ይሄ ለማን ይነገራል?

ስለዚህ ሌላ ሴት ፈለግሁ። አጋርን። ዘፍጥረት 21 ላይ ናት። እሷም እንደኛው የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ከነልጇ ተባረረች። (ሣራን እዚያ ምዕራፍ ላይ አልወዳትም፣ አባ ይፍቱኝ።) በረሃ ላይ የአቁማዳው ውኃ አለቀ። ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ፣ ሲሞት ላለማየት የቀስት ውርወራ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ስንት ዓመት ስሰማው ያላስተዋልኩት ነገር እዚህ ጋ አለ። ያለቀሰችው እሷ ናት። መጽሐፉ ግን እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ ነው የሚለው። የልጁን፣ እዚያው ካለበት። ስሙ ራሱ እስማኤል ነው፣ «እግዚአብሔር ይሰማል»። ከዚያ ዓይኗን ከፈተላትና የውኃ ጉድጓድ አየች።

እሷ ከልጇ የራቀችው የቀስት ውርወራ ነው፤ እኔ ባሕር ተሻግሬ ነው። ሚጣን ግን እኔ ባልኖርም ካራ ሆና ይሰማታል ማለት ነው። ይሄን ሳስብ ትንሽ ተነፈስኩ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ የቤሩት ወደብ የፈነዳ ዕለት፣ ደህና ነኝ ብቻ ነበር ያልኩሽ። ከቀኑ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። የማዳምን ልጅ እራት እያበላሁት ነው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው መስኮቱ በሙሉ ረግፎ ወደ ውስጥ ገባ። ልጁን መቼ እንዳፈስኩት አላውቅም፣ ብቻ ጠረጴዛ ሥር ነን። ጀርባዬ የመስታወት ስባሪ ሆኗል፣ እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም። ማዳም መጥታ እጄን ስማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ በንዴት ግን። የሰው ልጅ አዳንኩ፣ የኔንስ ማን ያቅፍልኛል ብዬ።

ማታ ስደውልልሽ ምንም አልሰማሽም። «ዛሬ አማኑኤል አይደል፣ ሚጣን አዝዬ ተሳልሜ መጣሁ፣ ከጀርባዬ ሳላወርዳት አንቀላፋች» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ስለ ሐዋላው ጠይቄሽ ዘጋሁ! መልሱን ነግረሽኝ ሳለ። ያ ጀርባ ከባህር ዛፉ ጫካ ስንት ሸክም እንጨት አውርዶ ነው እኔን ያሳደገኝ። ለአጋር ጉድጓድ ሰጣት፣ ለኔ አንቺን።

ስለዚህ ለሚጣ እንዲህ በያት። አለ። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ወለተ ማርያም ብሎ ስም ያወጣላት እሱ እዚህም አለ። ዛሬ ደግሞ እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል። በጋውን ሁሉ ከእናንተ እኩል ነበርን፣ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተናል። እናንተ ማታ 3 ሰዓት አባታችን ሆይ ስትሉ እዚህ 2 ነው። ዕቃ እያጠብኩ አብሬያችሁ እላለሁ።

ለኅዳር 12 የካ ሚካኤል ሄደሽ የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገቢልኝ። ብሩ ከልጅቷ ጋር ነው። ከተረፈ ለጉልበትሽ መድኃኒት እንጂ ለዕቁብ እንዳታደርጊው።

ለሚጣ ጫማ ልኬያለሁ፣ 33 ቁጥር። በቪዲዮ አይቼ ገምቼ ነው የገዛሁት። ከጠበባት ለጎረቤት ልጅ ስጪው። ለሚቀጥለው እግሯን ወረቀት ላይ አስረግጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና በሰው ላኪልኝ። ሁለቱንም እግር።

ልጅሽ