የማስታወክ ማቆሚያ መርፌ ውሻውን ሳናይ ስለማንሸጥበት ምክንያት

ጎንደር

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የትንሣኤ በዓል በተቃረበ ቁጥር ከአዘዞም ከማራኪም እየመጣችሁ «ውሻዬ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ያስመልሰዋል፤ የሚያቆምለት መርፌ ስጡኝ» ትሉናላችሁ። እኛ ደግሞ መድኃኒቱን ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ እናበዛለን። ይህ አንዳንዶቻችሁን ቅር እንዳሰኘ ስለምናውቅ ምክንያታችንን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ጤነኛ የነበረ ውሻ ድንገት ሲያስታውክ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ በግቢው ውስጥ የበላው ነገር ነው። በጾመኛ ቤት የሚኖር ውሻ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት በእንጀራ ፍርፋሪና በሽሮ ትራፊ ከከረመ በኋላ፣ በአንድ ሌሊት ጮማ፣ የዶሮ ቆዳና አጥንት ይደፋለታል። ድንገተኛ የምግብ ለውጥ ጨጓራንና አንጀትን ያውካል፤ ስብ የበዛበት ምግብ ደግሞ በአንዳንድ ውሾች ላይ ቆሽትን አስቆጥቶ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ሥጋ ልትሰጡት ካሰባችሁ ስቡን ለይታችሁ፣ ከለመደው ምግብ ጋር በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀላችሁ ለቀናት ብታለማምዱት ይሻላል።

የዶሮ ወጡን ግን ጨርሶ አትስጡት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ ለሰዓታት መቁላላቱም ጉዳቱን አያስቀረውም። ድካሙ፣ የድድ መንጣቱና የሽንት መጥቆሩ ከቀናት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ሕመሙን ከበዓሉ ወጥ ጋር አያገናኘውም። ለድፎ ዳቦ የተቦካ ሊጥም እንዲሁ ነው፤ የዋጠው ውሻ ሆድ ውስጥ ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ይፈጥራል። የጠላ አተላ ለከብት የተለመደ ቢሆንም ለውሻ አይሆንም።

ወደ መርፌው እንመለስ። ውሻው የዋጠው አጥንት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ፌስታል አንጀቱን ዘግቶት ከሆነ፣ ማስታወኩን ማቆም ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ውስጥ ለውስጥ ያባብሰዋል፤ አንዳንዱም መድኃኒት የተዘጋውን አንጀት እንዲገፋ ስለሚያስገድድ ሊቀደው ይችላል። ገንዘባችሁን ተቀብለን መርፌውን መስጠት ለእኛ ቀላሉ መንገድ ነበር።

ሁሉም ትውከት ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። ጧት በባዶ ሆዱ ቢጫ አረፋ የሚያስመልስና ወዲያው ጅራቱን እየቆላ ምግብ የሚጠይቅ ውሻ ሐሞቱ ጨጓራውን አስቸግሮት ሊሆን ስለሚችል፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ትንሽ መጉረሱ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከሌላ ውሻ ጋር እየተሻማ የሚበላም ያላኘከውን እንዳለ ይመልሰዋል፤ ሳህናቸውን መለየት ነው። ሣር መብላት ልማድ ነው። በቡችሎች ላይ የአንጀት ትል የተለመደ ስለሆነ የትል መድኃኒቱን በወቅቱ ስጧቸው።

አንድ ሁለት ጊዜ አስመልሶ ንቁ ሆኖ ለቆየ ትልቅ ውሻ ምግብ ለጥቂት ሰዓታት ከልክላችሁ፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ ከዚያም ጨው፣ በርበሬና ቅቤ የሌለበት የተቀቀለ ሩዝ አጥንት ከሌለው የዶሮ ሥጋ ጋር አቅርቡለት። ቡችላን ግን አታስርቡ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ የሰው ማስታገሻ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል፤ እንዲያስመልሰው ብሎ ጨው ማጠጣትም ራሱ መርዝ ነው።

ደም ካስታወከ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ውኃም አልረጋ ካለው፣ ወይም የአይጥ መርዝ በልቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳታድሩ አምጡት። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣለት ውሻ ጨጓራው ዞሮ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ይወስኑታል። ያልተከተበ ቡችላ አስታውኮ ከፈዘዘ ፓርቮ የተባለውን ገዳይ የቫይረስ በሽታ እንጠረጥራለን። ልጋጉ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተውና ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሲያጋጥማችሁ ግን አጥንት ተሰንቅሮበታል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ ደውሉልን።

ስትመጡ የትውከቱን ፎቶ በስልካችሁ አንስታችሁ፣ የበላውን ነገር ትራፊ ወይም መያዣውን ይዛችሁ ኑ፤ ጥያቄያችንም ያጥራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ባለሙያዎች